ብርድ ነው ብትል ኖሮ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ በሠርግ ሰሞን፣ እዚሁ መቐለ ነው። እኔ በዚያው ቀን ተሽሎኝ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ። ከአእምሮዬ ያልወጣው አንዲት የማላውቃት ሴት ለእኔ ስትል ያጣችው ነገር ነው። ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተሰማኝም። ያ ዓመት እንዲያ ነበር።

ጸጉር ሠሪ ነኝ፤ ስሜ ዘሃራ ይባላል። ትውልዴ ወሎ፣ ሐይቅ ነው። መቐለ የመጣሁት ከአጎቴ ጋር በልጅነቴ ሲሆን ደጉንም ክፉውንም እዚሁ አይቻለሁ። የምሠራው ሓወልቲ አካባቢ ባለች አነስተኛ የሴቶች ጸጉር ቤት ነው። ባለቤቷን አደይ ጽጌ ነው የምንላቸው፤ አደይ በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው። እንደ እናት ይሳሳሉ፣ እንደ እናትም ይቆጣሉ።

ሹሩባ በዓይን የሚሠራ ይመስላችኋል? በጣት ነው። የትኛው ዘለላ እንደላላ፣ የትኛው ቆዳ እንደሳበ የሚያውቀው የጣት ጫፍ ነው። እኔ ወሬዬን እያወራሁ፣ ዓይኔ በር በሩን እያየ ነበር አልባሶ የምሠራው። አልባሶ የትግራይ ሙሽሮች የሚሠሩት፣ ወፍራምና ቀጭን እየተፈራረቀ ወደ ኋላ የሚወርድ ሹሩባ ነው። «ያቺ ወሎዬ ትሥራልኝ» እያሉ ከሰሜን ክፍለ ከተማ ድረስ የሚመጡ ደንበኞች ነበሩኝ።

መጀመሪያ የታመመው ቀኝ ዓይኔ ነው። ደበዘዘብኝ፤ ቀይ ነገር አመድ መሰለኝ። ቆይቶ በራሱ ጊዜ ሲመለስ ረሳሁት። ከወራት በኋላ ደግሞ የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ። ተኝቼበት ይሆናል ብዬ ነበር። ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይጎነጉናሉ፣ ግን የያዙትን አያውቁም። ጓንት አጥልቄ የምሠራ ይመስለኝ ነበር። አንዷ «ኧረ ዘሃራ፣ ቆዳዬን ላጥሽው!» ብላ ትጮሃለች። የሌላዋ ሹሩባ ቤቷ ሳትደርስ ይፈታል። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደ ሌላዋ ሠራተኛ ወንበር ሲሄዱ ቆሜ አይ ጀመር። እጄ ካልተመለሰ እንጀራዬ አለቀ ማለት ነው። ከጸጉር በቀር የማውቀው ሥራ የለኝም።

ከብዙ መመላለስና ምርመራ በኋላ የነርቭ ሐኪሙ ስሙን ነገረኝ። መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ ሲያሳጥሩት ኤም ኤስ። የሰውነቴ መከላከያ የራሴን ነርቭ ሽፋን እንደ ጠላት እያጠቃው ነው አለኝ። ላስቲኩ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ አስቢ አለኝ።

«ምን አመጣብኝ?» አልኩት።

«በትክክል አይታወቅም» አለ።

ጨርሶ የሚያድን ባይኖርም እንዳይብስ የሚይዝ መድኃኒት እንዳለ፣ እሱንም ለመጀመር አዲስ አበባ መሄድ እንዳለብኝ ነገረኝ። ሌላም ብዙ ተናገረ። ሙቀት አታብዢ ማለቱን አስታውሳለሁ። እኔ ፀሐዩን መስሎኝ ጥላ መያዝ ጀመርኩ።

እንግዲህ ምክንያቱ የማይታወቅ በሽታ ይዛችሁ ሴቶች ጸጉር ቤት ሥሩ። በመቐለ የማይታወቅ ነገር የለም። አንዷ ምች ነው አለች። ሌላዋ የጦርነቱ ድንጋጤ ነው፣ በእኔም ጨጓራ ላይ የወጣው እሱ ነው አለች። ዓይን ነው ያለች አለች፤ እጅሽን እያዩ ስንቴ ጎበዝ ብለውሻል አለችኝ። የጸጉር ቀለም ነው ያለችው ደግሞ ይህን ስትል ጸጉሯን ቀለም እየቀባኋት ነበር። በእነሱ አልፈርድም። አይታወቅም የሚለው ቃል ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ እኔም ማታ ማታ አንዱን ጥዬ አንዱን አነሣ ነበር።

የአደይ ጽጌ ግን ልቤ ገባ።

«ብርዲ እዩ ጓለይ፣ ብርድ ነው ልጄ» አሉኝ። «ስንት ዓመት ሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ የሰው ጭንቅላት አጠብሽ? በጠዋት! በዚህ በጥር! ብርዱ በጣትሽ ገብቶ ነርቭሽ ላይ ተቀመጠ። የሚያወጣው ጢሽ ብቻ ነው።»

ጢሽ የወይባና የወይራ ጭስ መታጠን ነው። የእኛ ጸጉር ቤት ጓሮ ለዚሁ የተሠራች ጠባብ ክፍል አለች። አራስ ትታጠናለች፣ ወገቧን ያመማት ትታጠናለች፣ ሙሽራማ ሳትታጠን አትዳርም። የአደይ ጽጌ ነገር እውነት መሰለኝ። የጠዋቱ ውሃ እጄን ሲያቃጥለው አውቀዋለሁ፤ የነርቭ ሽፋን ግን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ጉዞ የሠርጉ ሰሞን ይለፍ ብዬ አቆየሁትና መጀመሪያ ጢሹን ልሞክር አልኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

አንድ ሐሙስ ቀን ሙሽራ መጣች። ሰናይት ትባላለች። ሠርጉ ለእሑድ ነው። የሙሽራው አክስት አብረዋት መጥተዋል፤ እሷ አሞ ነው የምትላቸው፣ የአባት እኅት በትግርኛ እንዲያ ትጠራለች። ወግ ነውና ሙሽራዋን አሠርተውና አሳጥነው ሊወስዱ ነው የመጡት። ከቤተሰቡም ሌሎች ሴቶች ነበሩ። አደይ ጽጌ ሌላዋን ሠራተኛ ሊሰጧት ሲሉ ሰናይት ባዶ ወንበሬን አየችና መጥታ ተቀመጠች።

መጎንጎን ስጀምር ቀስ ብላ «ጠበቀ» አለችኝ። አላላሁት። «አሁን ደህና ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ «እዚህ ጋ ላላ» አለች። ሌሎቹ ሲያማቸው ይጮሃሉ፤ እሷ ግን ሳልጠይቃት፣ ማንም ሳይሰማ፣ በየዘለላው ትነግረኝ ነበር። ጣቴ የማያውቀውን እሷ እያወቀችልኝ ሠራሁ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ደህና ሹሩባዬ ነው። ሙሽራ ስለሆነች ተጨንቃ ነው ብዬ አለፍኩት።

ግማሹን እንደጨረስኩ አክስቲቱ፣ «ጢሹ ደርሷል፣ ሹሩባው ሳያልቅ ግቢና ውጪ» አሏት።

«አስም አለብኝ፣ አሞ። ጭስ አይሆንልኝም» አለች ሰናይት።

«ጭሱ ለገላሽ ነው፣ አፍንጫሽ ውጭ አይደል እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሰናይትም ሳቀች፤ ከወንበሯ ግን አልተነሣችም። አክስቲቱ ለመኑ፣ ቀለዱ፣ በመጨረሻ ኮስተር አሉ። ሙሽራ ያለ ጢሽ፣ ምን ይባላል? እኔም በሆዴ ኩራተኛ ናት ብዬ ነበር። አደይ ጽጌ ነገሩ እንዳይከር ጣልቃ ገቡ።

«በቃ፣ አታስገድዷት። እሳቱ ከሚባክን ዘሃራ ትግባ። አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? የእሷን ቀጫጭን ሹሩባ ሌላዋ ትቀጥልላት።»

እንዲህ ሆኖ ለሙሽራዋ የተዘጋጀው ጢሽ ለእኔ ደረሰኝ።

ገላዬን ቅቤ ተቀብቼ ከጉድጓዱ በላይ መሃሉ በተበሳው መቀመጫ ላይ ተቀመጥኩ። አደይ ጽጌ በብርድ ልብስ፣ ከላይ ደግሞ በላስቲክ እስከ አንገቴ ሸፈኑኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ይኸው ብርዱ ወጣ ብዬ ጣቶቼን ከብርድ ልብሱ ሥር እያሻሸሁ ጠበቅኩ።

ትይዩ ግድግዳው ላይ የጥምቀት ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ከሥዕሉ መጀመሪያ ቀዩ ጃንጥላ ጠፋ። ቀጥሎ ሰዎቹ። ቀጥሎ ግድግዳው። ቀኝ ዓይኔ ነው ብዬ በግራዬ ለማየት ሞከርኩ፤ እሱም አመድ ሆኗል። ልነሣ ስል እግሬ የእኔ አልሆን አለ።

«አደይ፣ አይታየኝም» አልኩ።

«ጽቡቕ! ደህና ነው!» አሉ ከጀርባዬ። «ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል። ኣጆኺ ጓለይ፣ በርቺ ልጄ፣ ትንሽ ቻይው።» ብርድ ልብሱን አንገቴ ላይ ጠበቅ አደረጉት።

መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም። እጄ ሄደ፣ አሁን ደግሞ ዓይኔ፣ ብዬ ብቻ አሰብኩ። ቤት እሳት ላይ ትቼው የወጣሁ ስለመሰለኝ ምስር ተጨነቅኩ። ዓይኔ ጠፍቶ ስለ ምስር! እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው። «አይታየኝም» አልኩ ደግሜ፤ ድምፄ ውሃ አምጡልኝ እንደሚል ሰው ድምፅ ነበር።

ሰናይት ከወንበሯ ሆና የሰማችው ይህን ሁለተኛውን ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ነፋስ ፊቴን ነካኝ።

«አውጧት!» የሚል ጩኸት ሰማሁ።

«ተዪ፣ አትክፈቺው! ብርዱ እየወጣላት ነው» አሉ አደይ ጽጌ።

«ብርድ አይደለም! ሙቀቱ ነው ዓይኗን የጋረደው። ዘሃራ፣ ኤም ኤስ ነው አይደል ያለብሽ? ጣትሽን ሳይ ጠርጥሬ ነበር።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉ አደይ ጽጌ ተቆጥተው። እጃቸው ብርድ ልብሱን አልለቀቀም።

እኔ አይታየኝም፤ የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው።

«ኣነ'ውን እዚ ሕማም'ዚ ኣለኒ» አለች ሰናይት። እኔም ይህ በሽታ አለብኝ ማለቷ ነው።

የአደይ ጽጌ እጅ ብርድ ልብሱን ለቀቀ። ሰናይት ብርድ ልብሱን ገፍታ በብብቴ ይዛ አነሣችኝ፤ ሌላዋ ሠራተኛ በዚያ በኩል ደገፈችኝ። ጸጉር የምናጥብበት ወንበር ላይ አስተኝተው ቀዝቃዛውን ውሃ ለቀቁብኝ። ብርድ አመጣብሽ የተባለውን ያንኑ ውሃ። እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ፣ ብብቴ ላይ፣ ግንባሬ ላይ አደረገች። «ይመለሳል፤ በእኔም ደርሷል። ስትቀዘቅዢ ይመለሳል» ትለኝ ነበር በአማርኛ።

ቆይቶ መጣ። መጀመሪያ የመስኮቱ ብርሃን። ቀጥሎ አንድ ጭንቅላት፣ ግማሹ አልባሶ፣ ግማሹ ጎፈሬ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ከእሷ ጀርባ ደግሞ በሩ ላይ የቆሙትን አክስት አየሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«አስም ነው ያልሽን» አሉ።

«አዎ፣ አሞ።»

«ልጃችን ያውቃል?»

«ያውቃል። ለእናንተ ቀስ ብለን እንነግራለን ተባብለን ነው።»

«ምን አመጣብሽ?»

እኔን ሁሉም የጠየቀኝን ጥያቄ ጠየቋት። ሰናይት መልስ ሳትሰጥ አደይ ጽጌ ቀደሙ። ምን እንደተበላሸ ገብቷቸው ሊያስተካክሉ ነው። «ብርድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? የዘሃራም ብርድ ነው፣ የእሷም ብርድ ነው! ተማሪ ሳለች የያዛት ብርድ!» አሉ።

የአክስቲቱ ፊት ፈታ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ብርድ የታወቀ ነው። ማንንም ይይዛል፣ ይወጣል፣ ለዘር አይተርፍም። ሰናይትን አዩና «ብርድ ከሆነማ…» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ አዎ እንድትል ይጠብቁ ነበር። እኔም ከተጋደምኩበት ሆኜ በይ፣ አዎ በያቸው እያልኩ ነበር።

ሰናይት ወደ እኔ ዘወር ብላ ፎጣውን ገለበጠችው።

«አይደለም፣ አሞ። ከምን እንደሚመጣ ሐኪሞቹም በትክክል አያውቁም» አለች።

አክስቲቱ ወጥተው መኪና ውስጥ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ሰናይት እጇን አድርቃ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። «መቆም ከቻልሽ ጨርሺልኝ። እንዲህ ሆኜ መንገድ አልወጣም» አለችኝ። ልብሴን ደርቤ፣ ከጸጉሬ ውሃ እየተንጠባጠበ የቀረውን ጎነጎንኩ። «ጠበቀ» ትለኛለች። «ላላ። አሁን ደህና ነው።» ከጠዋቱ በምንም ያልተለየ ድምፅ ነበር። አመሰግናለሁ ማለቴን እንኳ አላስታውስም።

እሑድ የሠርግ መኪኖች ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር የእሷ ይሆን እያልኩ ዋልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዋን መጣች። ከሙሽራ የሚጠበቀው ወርቅም ሂናም አልነበረባትም። ወንበሬ ላይ ተቀምጣ «ፍቺልኝ» አለች።

አልባሶው ገና ምኑም አልተነካም። ደህና ሥራ ነበር፣ ራሴ ስለሠራሁት አይደለም። ከጆሮ ግንዷ ጀምሬ መፍታት ያዝኩ። እኔ አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ነገረችኝ። ዓርብ ዕለት ከሙሽራው ቤት ሽማግሌ መጥቶ ሠርጉ እስክትድን ይቆይ ብሏል። አባቷን በዘራችሁ አለ ወይ ብለው ጠይቀዋቸዋል።

«እሱስ?» አልኳት።

«ቤተሰቦቼ እስኪረጋጉ ጠብቂኝ አለ» አለችና በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። «እየተረጋጉ ነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ያልደበቀው ምን እንደሚያገኝ ግን ተረቱ አይናገርም።

ዝም ማለት አልቻልኩም። «ብርድ ነው ብትያቸው ምን ነበረበት? አንዲት ቃል» አልኳት።

«ብርድ ነው ካልኩማ ጢሽ ግቢ ይሉኛል። አንቺንም ነገ መልሰው ያስገቡሽ ነበር» አለች።

አደይ ጽጌ ጥግ ላይ ፎጣ እያጠፉ ነበር። ሰምተዋል። ቀና ሳይሉ ያጠፉትን ፎጣ ዘርግተው እንደገና አጠፉት።

እስከ መጨረሻው ፈታሁላት። ያን ቀን ግን ጠበቀም ላላም አላለችኝም።

እኔ በወሩ አዲስ አበባ ሄጄ መድኃኒቱን ጀመርኩ። አሁን አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ጸጉር ሲይዙ ያውቃሉ። የቀሩት አያውቁም። ሹሩባ በሁለት ጣት አይሠራም፤ ስለዚህ አጥባለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። አደይ ጽጌ ጢሹን አልተዉም፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ግን መጀመሪያ «የነርቭ ሕመም አለብሽ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። የበሽታዬን መነሻ ለሚጠይቁኝ አይታወቅም እላለሁ። አንዳንዷ ሐኪሞቹ ደብቀውሽ ነው ትለኛለች። አልከራከርም።

ያን ሰሞን አላለቀስኩም። ለእሷም ለራሴም። እንባዬም እንደ ጣቴ የደነዘዘ ይመስለኝ ነበር። ማዘኔን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ የሌላ ሙሽራ ጸጉር እያጠብኩ ሳለሁ እንባው ከየት መጣህ ሳልለው መጣ። ዛሬ አዝናለሁ። ዓይኔ ደህና ሲሆን አዝናለሁ፣ ሲደበዝዝም አዝናለሁ።

ሰናይት አሁንም ትመጣለች፤ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ ጫፍ ጫፉን እቆርጥላታለሁ። ምን አመጣብሽ ተባብለን አናውቅም። አልባሶ ሥሪልኝ ብላ አታውቅም፤ እኔም ልሥራልሽ አላልኳትም።